በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፦ ኮርኒስ የሌለውን የቆየ ቤት ከብርድና ከሙቀት እንዴት መከላከል ይቻላል?

ለኢትዮጵያዊ ጆሮ "ክረምት" የሚለው ቃል ዝናብንና ጭቃን ያስታውሳል። በጆሃንስበርግ ግን በእነዚሁ ወራት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሰማዩ ጠርቶ ይውላል፤ ሌሊቱ ደግሞ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በዚህች ከተማ የሐምሌ ሌሊት ዝቅተኛ የሙቀት መጠን በአማካይ ወደ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል፤ ከዜሮ በታች የሚሆንባቸው ሌሊቶችም አሉ። ሐምሌ 3/2015 ዓ.ም. ከተማዋ ከአሥር ዓመታት በላይ ያላየችው በረዶ ጥሎባት ነበር።

ይህ ብርድ ለሁሉም ነዋሪ እኩል አይደርስም። በከተማዋ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በሚድራንድና በቴምቢሳ መካከል በምትገኘው አይቮሪ ፓርክ፣ ብዙ ሰው የሚያድረው ከራሱ በላይ አንድ ሉህ ቆርቆሮ ብቻ ባለበት ቤት ውስጥ ነው። ማታ ከሰውና ከምድጃ የወጣው ሙቀት በቆርቆሮው በኩል ያመልጣል፤ ንጋት ላይ ከጣሪያው ሥር የተጠራቀመው እርጥበት በአልጋ ላይ ይንጠባጠባል። በበጋ ደግሞ ያው ቆርቆሮ ከሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ ይግላል።

መፍትሔው አዲስ ነገር አይደለም። ኮርኒስ መሥራትና ከኮርኒሱ በላይ የሙቀት መከላከያ ማንጠፍ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው በተሳሳተ መንገድ ከተሠራ ለእሳት፣ ለኤሌክትሪክ አደጋና ለሻጋታ ሊዳርግ ይችላል። ለመሆኑ የቆየ ቤት ጣሪያ እንዴት ይሸፈናል? በምን ያህል ውፍረት? ምንስ ጥንቃቄ ያሻዋል?

ቤቶቹ ስለምን ኮርኒስ የላቸውም?

አይቮሪ ፓርክ የተመሠረተችው በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እአአ)፣ የአፓርታይድ ሥርዓት ሊያከትም በተቃረበበት ወቅት ነው። ነዋሪዎች ውሃና መንገድ ያለው ትንሽ መሬት ተሰጥቷቸው ቤቱን በራሳቸው አቅም እንዲያቆሙ ተደረገ። በ2011 (እአአ) በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ወደ 9 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በምትጠጋው በዚህች አካባቢ ከ184,000 በላይ ሰዎች ይኖሩ ነበር።

ከ1994ቱ (እአአ) ምርጫ በኋላ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት "የመልሶ ግንባታና ልማት ፕሮግራም" በተሰኘው ዕቅድ ለዝቅተኛ ገቢ ዜጎች ቤቶችን መሥራት ጀመረ። ነዋሪው እነዚህን ቤቶች እስከ ዛሬ በፕሮግራሙ ምኅፃረ ቃል "አርዲፒ" እያለ ይጠራቸዋል። ከቀድሞዎቹ ብዙዎቹ 30 እና 36 ስኩዌር ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው፣ በብሎኬት የተሠሩና ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። ቤቱን ለብዙ ሰው ለማዳረስ ሲባል ወጪው ተቆንጥጦ ስለነበር በአብዛኞቹ ኮርኒስ አልተሠራም።

ለኮርኒስ ተጨማሪ ድጎማ ይሰጥ የነበረው መጀመሪያ ላይ በዋናነት እርጥበት ለሚያጠቃው የደቡባዊ ኬፕ የባሕር ዳርቻ ነበር። በመላ አገሪቱ በድጎማ የሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች የሙቀት መከላከያ ያለው ኮርኒስ እንዲኖራቸው የተወሰነው በ2014 (እአአ) ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን እንዳሉ ቀሩ። ከእነርሱ ጓሮ የተቀጠሉት የኪራይ ክፍሎችና በቆርቆሮ ብቻ የቆሙት ቤቶች ደግሞ ከነጭራሹ በዚህ መመዘኛ ውስጥ አልገቡም።

በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን "ሎኬሽን" በሚሏቸው እንዲህ ባሉ መንደሮች ሱቅ ከፍተው የሚሠሩት ወገኖችም የሚያድሩት ብዙውን ጊዜ ከሱቁ ኋላ ባለ፣ ቆርቆሮ በለበሰ ክፍል ነው።

ሙቀት በጣሪያ በኩል እንዴት ይወጣል?

ሙቀት ከሞቀ ቦታ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ የሚሄደው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በቁስ ውስጥ አልፎ ነው፤ ብረት ለዚህ ምቹ ነው። ሁለተኛው በአየር ዝውውር ነው፤ የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣና ጣሪያውን ሲነካ ቀዝቅዞ ይወርዳል። ሦስተኛው በጨረር ነው፤ በበጋ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ፣ ሳንነካው እንኳ ፊታችንን የሚያቃጥለን በዚህ ምክንያት ነው። በጠራራ ፀሐይ የብረት ጣሪያ ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊደርስ ይችላል።

የሙቀት መከላከያ ዋና ምሥጢር የታሰረ አየር ነው። በቀጫጭን ክሮች ወይም በጥቃቅን አረፋዎች መካከል የተያዘ አየር አይንቀሳቀስም፤ ሙቀትንም በቀላሉ አያሳልፍም። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የሣር ክዳን ቤት ሌሊት የሚሞቀው፣ ቀን የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቆርቆሮ ከእሳትና ከዝናብ የተሻለ ቢጠብቅም፣ ሣሩ ይሰጥ የነበረውን ይህን ጥቅም ይዞ አልመጣም። በአዲስ አበባ የቆዩ ቤቶች ከቆርቆሮው ሥር አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ ወጥሮ ኖራ መቀባት የተለመደው ይህንኑ ጉድለት ለመሙላት ነበር። የተወጠረው ጨርቅ አቧራንና ነፋስን ቢቀንስም ከበላዩ የታሰረ አየር ስለማይኖር ሙቀትን የማገድ አቅሙ አነስተኛ ነው።

ልዩነቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 36 ስኩዌር ሜትር ስፋት ያለው ቤት ውስጥ 18 ዲግሪ፣ ውጪው ደግሞ 4 ዲግሪ ነው እንበል። ከበላዩ ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ካለ በጣሪያው በኩል ብቻ የሚያመልጠው ሙቀት 3,000 ዋት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ይህም አንድ ተኩል ትልቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለማቋረጥ ቢነድ የሚሰጠው ሙቀት ማለት ነው። ኮርኒስ ብቻ ሲሠራ መጠኑ ወደ 1,400 ዋት ይወርዳል። በኮርኒሱ ላይ 50 ሚሊ ሜትር መከላከያ ሲነጠፍ ወደ 300፣ 135 ሚሊ ሜትር ሲነጠፍ ደግሞ ወደ 140 ዋት ይወርዳል። በግድግዳ፣ በመስኮትና በበር ሥር የሚወጣው በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው ጥቂት ውፍረት ትልቁን ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ ገንዘብ ያጠረው ሰው ግማሹን ቤት በወፍራሙ ከመሸፈን ይልቅ መላውን ጣሪያ በስሱ ቢሸፍን ይሻለዋል። ሁለተኛው፣ ሳይሸፈን የቀረ ክፍተት የቀረውን ሥራ ዋጋ ያሳጣል።

ከሁሉ በፊት ጣሪያውን መመርመር

የሙቀት መከላከያ የተበላሸ ጣሪያን አያድንም፤ እንዲያውም ጉዳቱን ይደብቃል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚከተሉትን ማየት ያስፈልጋል።

የሚያፈስ ቦታ፦ የጆሃንስበርግ ዝናብ የሚመጣው በበጋ፣ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ነጎድጓድና አልፎ አልፎም የበረዶ ጠጠር ይዞ ነው። ክረምቱ ደረቅ በመሆኑ የሚያፈሰው ቀዳዳ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። የዛገ ሚስማር፣ የላላ ቡሎን፣ የተበሳ ቆርቆሮና የተዘጋ አሸንዳ አስቀድሞ መስተካከል አለበት። የራሰ መከላከያ ሙቀት አያግድም፤ ክብደቱም ኮርኒሱን ይጥላል።

እንጨቱ፦ የጣሪያው ወራጅና ማገር ምስጥ እንዳልበላው፣ እንዳልጎበጠና ከግድግዳው ጋር በሚገባ እንደታሰረ ይታያል። በደቡብ አፍሪካ ሎኬሽኖች ቆርቆሮውን ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ወይም ጎማ ከላዩ መጫን የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ጣሪያ በመጀመሪያ በሚገባ ሊታሰር ይገባዋል።

የኤሌክትሪክ መስመር፦ ባዶ የሆነ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ወይም ከጎረቤት የተሳበ መስመር ካለ ሥራው እዚያው ይቁም። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሳያስተካክለው በላዩ ምንም መነጠፍ የለበትም።

አስቤስቶስ፦ በተለይ ከ1990ዎቹ በፊት በተሠሩ የደቡብ አፍሪካ ቤቶች ግራጫና ሞገድ ያለው የሲሚንቶ ጣሪያ ካለ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። አገሪቱ አስቤስቶስን በ2008 (እአአ) አግዳለች፤ የቀድሞው ግን በየጣሪያው አለ። ሳይነካ ሲቀር አደጋው ዝቅተኛ ነው። ሲበሳ፣ ሲቆረጥ ወይም ሲፋቅ ግን የሚወጣው ብናኝ ከዓመታት በኋላ የሳንባ ካንሰርን ጨምሮ ከባድ ሕመም ያስከትላል። ይህን መሰል ጣሪያ መንካት ያለበት የተፈቀደለት ባለሙያ ብቻ ነው።

የትኛው ዓይነት መከላከያ ይመረጥ?

በደቡብ አፍሪካ የግንባታ ዕቃ መደብሮች በብዛት የሚገኙት አምስት ዓይነት ናቸው።

የመስታወት ጥጥ፦ ከቀለጠ መስታወት የሚፈተል፣ ተጠቅልሎ የሚሸጥ ለስላሳ ምንጣፍ ነው። በራሱ እሳት አይዝም፤ ዋጋውም መካከለኛ ነው። ክሩ ቆዳን ያሳክካል፤ ዓይንንና ጉሮሮንም ይቆጠቁጣል። ስለዚህ ረጅም እጅጌ፣ ጓንት፣ መነጽርና የአፍንጫ ጭንብል ያስፈልጋል።

ፖሊስተር፦ በአብዛኛው ከፕላስቲክ ጠርሙስ ተመልሶ የሚሠራ ምንጣፍ ነው። አያሳክክም፤ ለመሥራት ይቀላል። በከፍተኛ ሙቀት ግን ይቀልጣል።

የወረቀት ብናኝ፦ ከጋዜጣ ተፈጭቶ እሳት መከላከያ ኬሚካል የተጨመረበት ሲሆን በማሽን ይነፋል። ቀድሞውኑ ኮርኒስ ላለውና መግቢያው ለጠበበ ቤት ይመቻል። ኬሚካል ያልተጨመረበትን ተራ ጋዜጣ ወይም ካርቶን በጣሪያ ውስጥ መጠቅጠቅ ግን ለእሳት ማገዶ እንደማዘጋጀት ይቆጠራል።

የአረፋ ሰሌዳ፦ ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ ራሱ እንደ ኮርኒስ ሊያገለግል ይችላል። ዝቅተኛ ጣሪያ ላላቸው አርዲፒ ቤቶች የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ እሳት ሲያገኘው ይቀልጣል፤ ጥቁር መርዛማ ጭስም ይወጣዋል። በሚገዛበት ጊዜ የእሳት ምደባው የተጻፈበት፣ ለቤት ውስጥ የተፈቀደ መሆኑ መታየት አለበት። ለቴሌቪዥን ማሸጊያ የመጣ አረፋ ለዚህ አይሆንም። ነጩ አረፋ የኤሌክትሪክ ሽቦን ፕላስቲክ ሲነካ ከጊዜ በኋላ ሽፋኑን ያደርቀዋል፤ ሁለቱ እንዳይነካኩ መለየት ይገባል።

የሚያብረቀርቅ ፎይል፦ ጨረርን ስለሚመልስ የበጋውን ሙቀት ለመቀነስ ጥሩ ነው። የሚሠራው ግን ከሚያብረቀርቀው ገጽ ፊት ቢያንስ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍት አየር ሲኖረው ነው፤ ከቆርቆሮው ጋር ከተጣበቀ ዋጋ የለውም። የክረምቱን ብርድም ለብቻው አይችለውም።

ፎይል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በአውስትራሊያ መንግሥት በ2009 እና በ2010 (እአአ) ቤቶችን በፍጥነት ለመሸፈን ባካሄደው ዘመቻ አራት ወጣት ሠራተኞች ሞተዋል። ከእነርሱ ሦስቱን የገደላቸው ኤሌክትሪክ ነበር፤ አንዱ በጣሪያ ሥር ባለ ከፍተኛ ሙቀት ሕይወቱ አልፏል። ፎይሉን ለመምታት የዋለው የብረት ስቴፕል የኤሌክትሪክ መስመር ሲበሳ መላው ጣሪያ ኤሌክትሪክ ይይዝ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ጣሪያ ውስጥ ከመገባቱ በፊት ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይጥፋ፤ ሥራውም በጠዋት ይሁን።

ምን ያህል ውፍረት ይበቃል?

የመከላከያ አቅም የሚለካው "አር" በሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሙቀት የማገድ አቅሙ ይጨምራል። በ2011 (እአአ) በወጣው የደቡብ አፍሪካ የሕንፃዎች ኃይል አጠቃቀም ደንብ መሠረት፣ ጆሃንስበርግ በምትገኝበት ቀዝቃዛ የመሀል አገር ቀጠና የአዲስ ቤት ጣሪያ በድምሩ 3.7 አር ሊኖረው ይገባል።

የተለመደው የመስታወት ጥጥ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን 1.25፣ 100 ሚሊ ሜትር ሲሆን 2.5፣ 135 ሚሊ ሜትር ሲሆን ደግሞ 3.4 አር ገደማ ይሰጣል። ኮርኒሱ፣ ቆርቆሮውና በመካከላቸው ያለው አየር የሚጨምሩት ጥቂት ሲደመር 135 ሚሊ ሜትሩ ከደንቡ መጠን ይደርሳል። ለንጽጽር ያህል፣ ክረምቷ በሚረዝመው ብሪታኒያ ለቆዩ ቤቶች የሚመከረው 270 ሚሊ ሜትር ነው።

የዕቃውን ብዛት ለማወቅ የቤቱን ርዝመት በወርዱ ማባዛት፣ ከዚያም በማሸጊያው ላይ "ይህን ያህል ስኩዌር ሜትር ይሸፍናል" ተብሎ ለተጻፈው ቁጥር ማካፈል ነው። ለቁርጥራጭ ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ መጨመር ያስፈልጋል።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

1. ኤሌክትሪኩን ማጥፋት፣ ቤቱን ማጽዳት፣ በጣሪያው ያለውን አቧራና የወፍ ጎጆ ማስወገድ። የባትሪ መብራት መጠቀም፤ ሻማ ፈጽሞ አይሆንም።

2. በግድግዳው ዙሪያ በውሃ ልክ መስመር መምታት። በወራጆቹ ሥር የኮርኒስ መያዣ ሞራሌ መምታት። በደቡብ አፍሪካ የተለመደው 38 በ38 ሚሊ ሜትር የሆነ እንጨት ሲሆን፣ ለ6.4 ሚሊ ሜትር ጂፕሰም ሰሌዳ በየ400 ሚሊ ሜትሩ ይመታል። ርቀቱ ከሰፋ ሰሌዳው ከጊዜ በኋላ ይረግባል።

3. መከላከያውን ከሰሌዳው ጋር እኩል እያስገቡ መሄድ። ዝቅተኛ ጣሪያ ላይ ሰሌዳው ካለቀ በኋላ ከላይ መግባት ስለማይቻል፣ አንድ ረድፍ ሰሌዳ ተመትቶ ምንጣፉ በላዩ ይነጠፋል፤ ከዚያ ቀጣዩ ረድፍ ይከተላል።

4. ምንጣፉን አለመጭመቅ። 135 ሚሊ ሜትር የሆነው ምንጣፍ በ70 ሚሊ ሜትር ቦታ ውስጥ ከተጠቀጠቀ የሚሰጠው ከ70 ሚሊ ሜትር ብዙም ያልበለጠ ጥቅም ነው። በጠርዞቹ ግን ክፍተት ሳይተው እርስ በርሱ ይገናኝ።

5. በጣሪያው ክፈፍ በኩል ለአየር መግቢያ ቢያንስ ሦስትና አራት ሴንቲ ሜትር መተው። ከኮርኒሱ በላይ አየር ካልተዘዋወረ ከታች የሚወጣው የማብሰያ እንፋሎት ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ሲደርስ ውሃ ይሆናል፤ እንጨቱም ይበሰብሳል።

6. በአንጻሩ በኮርኒሱና በግድግዳው መካከል ያለውን ስንጥቅ በሚገባ መድፈን። ሙቅና እርጥብ አየር ወደ ላይ የሚያመልጠው በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው።

7. ከሚሞቁ መብራቶችና ከጭስ ማውጫ ቧንቧ መከላከያውን ማራቅ። የኤሌክትሪክ መስመሮች በተቻለ መጠን ከምንጣፉ በላይ ይሁኑ፤ በወፍራም መከላከያ የተቀበረና ብዙ ኃይል የሚያልፍበት መስመር ሙቀቱን የሚያወጣበት ያጣል።

በኮርኒሱ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ ይቻላል?

በገጠር ኢትዮጵያ ቆጥ ላይ እህልና ዕቃ ማኖር የኖረ ልማድ ነው። ቦታ በጠበበበት ሎኬሽንም የጣሪያውን ሥር እንደ ቆጥ የመጠቀም ፍላጎት ይነሳል። በአርዲፒ ቤት ግን መልሱ "አይቻልም" ነው። የእነዚህ ቤቶች የጣሪያ እንጨት የተሰላው ቆርቆሮውን፣ ነፋሱንና ቀላል ኮርኒስን እንዲችል ነው። የዱቄት ከረጢት ወይም የለስላሳ መጠጥ ሳጥን ሲጫንበት ሊሰበር ይችላል። የጂፕሰም ሰሌዳው ደግሞ የሰው እግር እንኳ አይችልም፤ መረገጥ ያለበት እንጨቱ ብቻ ነው።

በጆሃንስበርግ የቀድሞ ሰፈሮች የሚገኙ፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ የጡብ ቤቶች ግን የተለዩ ናቸው። በእነዚህ ቤቶች የኮርኒሱ እንጨት ወፍራም ከሆነና ባለሙያ ከፈቀደ፣ በከፊሉ ጣውላ አንጥፎ ቀላል ዕቃ ማስቀመጥ ይቻላል። ስህተቱ የሚፈጠረው ጣውላው በቀጥታ በምንጣፉ ላይ ሲመታና ሲጨመቀው ነው። ትክክለኛው መንገድ በኮርኒሱ እንጨት ላይ ቋሚ እግሮች ተክሎ ጣውላውን ከምንጣፉ በላይ ማንሳት፣ በመካከላቸውም ለአየር ትንሽ ክፍተት መተው ነው። በደቡብ አፍሪካ የውሃ ማሞቂያው ጋን ብዙውን ጊዜ እዚያው ጣሪያ ውስጥ ስለሚሆን፣ ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድም መዘጋት የለበትም።

ከሰል፣ እሳትና አየር

የሙቀት መከላከያ የተሠራለት ቤት ክፍተቶቹ ስለሚደፈኑ፣ ቀድሞ በቀዳዳ ይወጣ የነበረው ጭስ መውጫ ያጣል። ይህም ሊዘነጋ የማይገባው ዋነኛ አደጋ ነው። በደቡብ አፍሪካ ከፍታማ ሎኬሽኖች በክረምት "ኢምባውላ" በሚባል የተበሳሳ ጣሳ ከሰል አንድዶ መሞቅ የተለመደ ነው። በኢትዮጵያም የከሰል ምድጃን ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት በየዓመቱ ሕይወት ይቀጥፋል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ኮርኒስ በተሠራ ቤት ውስጥ የከሰልም ሆነ የእንጨት እሳት ጭስ ማውጫ ከሌለው ውስጥ አይነድድ። ከሰሉ "ጭሱ ወጥቶለታል"፣ "ፍም ሆኗል" መባሉ ዋስትና አይሆንም፤ ገዳዩን ጋዝ በብዛት የሚያወጣው ፍሙ ነውና። ምልክቱ የታየበት ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ሕክምናም ያግኝ። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች የማይዘጋ አነስተኛ የአየር መግቢያ መተው ጥቂት ሙቀት ቢያስወጣም ሕይወት ያድናል። የሳንባ ነቀርሳ በሚስፋፋበት መንደርም አየር መዘዋወሩ ሌላ ጥቅም አለው።

በኪራይ ክፍልና በሱቅ ኋላ ለሚኖሩ

ከሱቅ ኋላ የሚያድር ሰው የቤቱ ባለቤት አይደለም። ገንዘቡን አፍስሶ ኮርኒስ ካሠራ በኋላ ኪራይ ሊጨመርበት ወይም ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከአከራዩ ጋር በጽሑፍ መስማማት ተገቢ ነው፦ ወጪውን ማን ይሸፍናል፣ ከኪራይ ይታሰባል ወይ፣ ተከራዩ ሲለቅ ዕቃውን መውሰድ ይችላል ወይ? የአረፋ ሰሌዳን በብሎን ማሰር ተፈትቶ እንዲሄድ ያስችላል።

በደቡብ አፍሪካ ስፓዛ የሚባሉት የሰፈር ሱቆች በ2024 መጨረሻ (እአአ) በየማዘጋጃ ቤታቸው እንዲመዘገቡ በፕሬዝዳንቱ ታዘዋል፤ ቀነ ገደቡም እስከ ፌብሩዋሪ 28/2025 ተራዝሞ ነበር። ትዕዛዙ የወጣው ሕጻናት በተመረዘ ምግብ ምክንያት መሞታቸውን ተከትሎ ነው። ከዚያ ወዲህ የሱቆች የጤናና የሕንፃ ሁኔታ በቅርበት ይታያል። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ ወይም ከኋላው ግንባታ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ማዘጋጃ ቤቱን ቢጠይቅ ከኋላ ጣጣ ይድናል።

ሌላው ጉዳይ መውጫ ነው። ለዘራፊ ተብሎ በብረት የታጠረ መስኮትና አንድ በር ብቻ ባለው ክፍል ውስጥ የሚቀጣጠል ኮርኒስ መሥራት አደጋውን ያከብደዋል። በእንዲህ ያለ ክፍል የማይቀጣጠለውን የጂፕሰም ሰሌዳና የመስታወት ጥጥ መምረጥ፣ አንዱን የመስኮት ብረት ከውስጥ የሚከፈት ማድረግና በባትሪ የሚሠራ የጭስ ማስጠንቀቂያ መስቀል ይመከራል።

በተግባር ምን ለውጥ አመጣ?

በኬፕታውን ካየሊትሻ ውስጥ ኩያሳ በተባለ ሰፈር ከ2,300 በላይ በድጎማ የተሠሩ ቤቶች የሙቀት መከላከያ ያለው ኮርኒስ፣ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያና ኃይል ቆጣቢ አምፖል ተገጥሞላቸዋል። ፕሮጀክቱ በ2005 (እአአ) በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ቅነሳ ሥርዓት ተመዝግቧል። አይቮሪ ፓርክም ጆሃንስበርግ የ2002ቱን (እአአ) የዓለም የዘላቂ ልማት ጉባኤ ባስተናገደችበት ዘመን አካባቢ፣ ኃይል ቆጣቢ ቤቶችን ለማስተዋወቅ ያለመ "ኢኮ ሲቲ" የተሰኘ ፕሮጀክት ነበራት።

የጤናውን ጥቅም በግልጽ ካሳዩ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በኒውዚላንድ ነው። 1,350 ቤተሰቦች ተመርጠው የግማሾቹ ቤት ቀድሞ የሙቀት መከላከያ ተሠራለት። በ2007 (እአአ) በታተመው ውጤት መሠረት የመኝታ ክፍሎቹ ሙቀት የጨመረው በአማካይ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነበር። ሆኖም እርጥበቱ ቀንሷል፤ ነዋሪዎቹ በደረት የሚሰማቸው ሲርታ፣ ከትምህርትና ከሥራ የቀሩባቸው ቀናትም በእጅጉ ቀንሰዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 (እአአ) ባወጣው የመኖሪያ ቤት መመሪያ ቅዝቃዜ ባለባቸው አገራት የቤት ውስጥ ሙቀት ቢያንስ 18 ዲግሪ እንዲሆን፣ ለዚህም የሙቀት መከላከያ እንዲሠራ መክሯል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ከጆሃንስበርግ በ600 ሜትር ገደማ ትበልጣለች፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ከፍ ብላ ትገኛለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ከቆርቆሮ ሥር የሚያድር ሰው ብርዱን ያውቀዋል።

ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ከየት ይጀመር?

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሥራት የሚችለው ጥቂት ሰው ነው። አቅም የሚያጥረው ሰው ቅደም ተከተሉን ቢጠብቅ ያወጣው ገንዘብ አይባክንም። በመጀመሪያ የሚያፈሰውን ጣሪያና አደገኛውን የኤሌክትሪክ መስመር ማስተካከል። ቀጥሎ በር ሥርና በግድግዳው አናት ነፋስ የሚገባበትን ስንጥቅ መድፈን፤ ይህ ብዙ ወጪ የለውም። ሦስተኛ፣ ሕጻናት፣ አረጋውያን ወይም ሕመምተኞች የሚተኙበትን ክፍል ኮርኒስ ከነመከላከያው ሙሉ በሙሉ መጨረስ። ከዚያ ወደ ቀሩት ክፍሎች መሻገር፤ ውፍረቱንም አቅም ሲገኝ በቀድሞው ምንጣፍ ላይ ሌላ በመደረብ ማሳደግ።

ለሥራው የሚመቸው ወቅት የዝናቡ ወራት አልፈው ብርዱ ከመግባቱ በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ ለጆሃንስበርግ ይህ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ያን ጊዜ ጣሪያው በዝናቡ ተፈትኖ የሚያፈሰው ቦታ ታውቋል፤ እንጨቱም ደርቋል፤ ቤተሰቡም ከመጀመሪያው የሰኔ ውርጭ በፊት ከብርድ የሚጠለልበት ጣሪያ ያገኛል።